ደፍኜ የገባሁበት ስንጥቅ

ጉድጓድ ቆፍሮ ራሱ የገባበት ሰው ብዙ አይቻለሁ። ጉድጓድ ደፍኖ የገባበት ግን ከራሴ በቀር አላውቅም። የጥንት ሰዎች «ጉድጓድ ስትቆፍር አርቀህ አትቆፍር፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» ብለው አስጠንቅቀዋል። ስለ መድፈን ያሉት ነገር የለም። እንዲህ ያለ ቂል ይወለዳል ብለው አልጠረጠሩም መሰለኝ።

እኔ መምህር ነኝ። የማስተምርባት ትምህርት ቤት ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው አስፋልት ዳር ናት። የማስተምረው ደግሞ፣ እንዳትስቁ፣ ጂኦግራፊ ነው። ሰሌዳ ላይ «ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል» ብዬ በትልልቁ እጽፋለሁ። ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ፈተና ላይ ይመጣል፣ ያልመለሰውን እቆጣለሁ። ከዚያ ደወል ይደወላል፤ እወጣና እዚያው የተሰነጠቀው ጥቁር አፈር ላይ እቆማለሁ። ሰሌዳው ላይ የጻፍሁትና የቆምሁበት አንድ መሆኑ የተገለጠልኝ እግሬ እስከ ጭኑ ከገባ በኋላ ነው።

የቆላውን መሬት ለማያውቅ ሰው ልንገር። ክረምት ላይ ዋልካው፣ ጥቁሩ ጭቃ፣ ጫማ ይበላል። አንዱን እግርህን ስትነቅል ሌላው ይሰምጣል፤ ጫማህ እዚያው ይቀርና አንተ በካልሲ ቤትህ ትገባለህ። ዝናቡ አብቅቶ ሰሊጡ ሲታጨድ መሬቱ መድረቅ ይጀምራል፤ ጥር ሲገባ አፉን ይከፍታል። ስንጥቅ ስላችሁ ግድግዳ ላይ የምታዩት የፀጉር መስመር እንዳይመስላችሁ። ክንድ ያስገባል። የእኛ ጎረቤት ዶሮ እንደገባች ቀርታለች። በአጭሩ የእኛ አገር መሬት ዓመቱን ሙሉ ዓይኑ ሰው እግር ላይ ነው፤ ክረምት ጫማውን፣ በጋ እግሩን።

ሌላ ቦታ ያሉ ትምህርት ቤቶች ዥዋዥዌ አላቸው፣ ሸርተቴ አላቸው ይባላል። የእኛ ልጆች ያላቸው ስንጥቅ ነው። ደግነቱ በየዓመቱ ያለ በጀት ይመጣል።

ልጆቹም ስም አውጥተውለታል። ሰፊው «ኬላ» ይባላል። ሜዳውን ለሁለት ቆርጦት ስለሚያልፍ ወዲህ ያለው መተማ ነው፣ ወዲያ ያለው የሱዳኑ ገላባት። ጨዋታው ቀላል ነው፤ አንዱ ፈታሽ ይሆናል፣ ሌሎቹ ኪሳቸው ውስጥ ጠጠር ይዘው ኬላውን ይዘላሉ። ጠጠሩ ኮንትሮባንድ ነው። ፈታሹ የነካው ሰው ዕቃው ይወረሳል። እኔን ይገርመኝ የነበረው ፈታሽ ለመሆን የነበረው ግፊያ ነው። ልጆች የሚያድጉበትን አገር ቶሎ ይረዱታል። ከኬላው ወዲህ ያለችው ጠባብ ሆና ጥልቅ ነበረች፤ እሷ «የዳይሬክተሩ አፍ» ትባላለች። ለምን እንዲህ እንደተባለች ያወቅሁት ዳይሬክተሩ ራሱ ባወቀበት ሰዓት ስለሆነ ወደፊት ስንደርስ እናገኛታለን።

የእረፍት ሰዓት ደህንነት ኃላፊ የሆንሁት በስብሰባ ነው። ከምሳ በኋላ ነበር፤ የቆርቆሮው ጣራ ይንጫጫል፣ ዳይሬክተራችን ይናገራል። እንቅልፍ ወሰደኝ። የነቃሁት በጭብጨባ ነው። ሰው ሲያጨበጭብ ማጨብጨብ ደንብ ነውና እኔም አጨበጨብሁ፤ እንዲያውም የተኛሁት እንዳይታወቅብኝ ከሁሉም አስበልጬ። ለካ የተሾምሁት እኔ ነኝ። «ኃላፊነቱን በታላቅ ደስታ ተቀብለዋል» ተባለልኝ። ፊሽካ ተሰጠኝ። አንገቴ ላይ ሳንጠለጥለው ሆዴ ላይ ተጋደመ፤ ፊሽካ ሳይሆን ቦርጭ ላይ የተሰካ ሜዳሊያ መሰለ።

ሹመት ሰው ይለውጣል ሲባል እውነት ነው። እኔ እዚሁ የተወለድሁ ሰው ነኝ። ያንኑ መሬት በባዶ እግሬ ዘልዬ ነው ያደግሁት። ፊሽካ አንገቴ ላይ በዋለ ማግስት ግን ስንጥቅ አይቶ የማያውቅ የደጋ እንግዳ ሆንሁ። ልጅ ሲሮጥ ሳይ ደም ይታየኛል። «ቀስ!» እላለሁ። «ቀስ በል! ቀስ በይ! ቀስ በሉ!» ትምህርት ቤቱ ውስጥ የእኔ ስም «ቲቸር ቀስ» ሆነ።

ቀስ ካላሉት መሃል አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነበረች። እንደ ሰሊጥ አገዳ የቀጠነች፣ ሲጠሯት መልስ የማትሰጥ፣ ኬላውን ስትዘል ግን ፈታሽ ነክቷት የማያውቅ። መሬቱ ከተከፈተ ጀምሮ አንዲት ጠጠር አልተወረሰችም። አንድ ቀን በየካቲት መጀመሪያ ወደ ፈታሹ ዞራ ምላሷን እያወጣች ስትዘል እግሯ ስንጥቁ ጠርዝ ላይ አረፈ። ወለም አላት። ከተረኛው ከእኔ ፊት ለፊት ነው የሆነው። እኔ በዚያ ሰዓት ሌላ ልጅ «ቀስ በል!» እያልሁ ነበር።

አቅፌ ወደ እናቷ ወሰድኋት። እናቷ እዚያው ትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ሰሊጥ የጫኑ ከባድ መኪናዎች ተራ ይዘው በሚቆሙበት አስፋልት ዳር ፉልና ተሚያ፣ የሱዳኖቹን የሽንብራ ጥብስ፣ ትሸጣለች። ከጎጃም ሰሊጥ ለማጨድ ወርዳ እዚሁ የቀረች ሴት ናት፤ ሾፌር ሁሉ ይፈራታል። እኔም አልቀረልኝም።

«ምን ሆና ነው?»

«ትንሽ እግሯ ወለም ብሏት ነው፣ እህቴ።»

«ትንሽ ነው የሚሉት? ኧረ ይኸ እኮ ዳቦ አከለ!» ልጅቱን ከእጄ ነጥቃ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት። «እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚያው ነበርሁ። ተረኛ ነበርሁ።»

«ተረኛ!» ፊሽካዬን በጭልፋዋ ጠቆመችው። «ይኸስ? ለጌጥ ነው?»

ተሚያ የሚበሉት ሾፌሮች ሳቁ። አንዱ «ጎማ ሲተነፍስ ይነፋበታል» አለ። እሷ ግን አልሳቀችም። የልጅቱን እግር በቀዝቃዛ ውኃ እያሸች፣ ዓይኗን ከእግሩ ሳታነሳ እንዲህ አለችኝ፦

«ቁርጤን ልንገርዎ መምህር። እኔ ማጭዴን ያስቀመጥሁት ይቺ እንድትማር ብዬ ነው። አንድ እሷ ናት ያለችኝ። ካሁን ወዲያ አንዲት ጊዜ እግሯን እየጎተተች ብትመጣ ትምህርት ቤት የሚባል አታይም። እዚሁ አጠገቤ ሳህንና ብርጭቆ ታጥባለች። ዕቃ ሲያጥብ የተሰበረ ሰው አላየሁም።»

ልጅቱን አየኋት። እግሯን አይደለም የምታየው፣ እኔን ነው። አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። ዝም ብላ «በል እስቲ እንግዲህ» በሚል ዓይን ታየኛለች።

ይኸን ጊዜ ነው ሆዴን ነፋ አድርጌ «ከዛሬ ወዲያ ይቺን ልጅ አንዲት ጭረት ብታገኛት እኔን ጠይቂኝ» ያልሁት።

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ ኖሯል?» አለችና ወደ ፉሏ ዞረች።

በማግስቱ ሥራ ጀመርሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ የቋንቋ ሐሳብ ነው። ልጆቹን ሰልፍ ላይ ሰበሰብሁና «እረፍት ማለት ምን ማለት ነው?» አልኋቸው። «እረፍት ማለት ማረፍ ነው! ያረፈ ሰው ይሮጣል? አይሮጥም!» ብዬ ደወሉ ሲደወል ሁሉንም ኒም ዛፍ ጥላ ስር በመስመር አስቀመጥኋቸው። ደወላችን የትራክተር ማረሻ ዲስክ ነው፤ በብረት ሲመታ መተማ ድረስ ይሰማል። ደወሉን የሚመታው ዘበኛችን የተደረደሩትን ልጆች ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። «ያረፈው ማን ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ። «ለቅሶ መስሎኝ።»

ቅጣቱ ቶሎ መጣ። ልጅ ካልሮጠ እጁ ይሮጣል። መቆናጠጥ ተጀመረ፣ ከዚያ መገፋፋት፣ ከዚያ አንዱ አንዱን ጆሮውን ነከሰው። ሜዳው ላይ ዓመቱን ሙሉ ያላየሁትን ጉዳት በአንድ እረፍት፣ ተቀምጠው፣ በመስመር፣ በእኔ ጥበቃ ስር አደረሱት። ማረፉን ተውነው።

ሁለተኛው ሐሳብ የመጣልኝ ከትራክተር ነው። ቆላ ውስጥ ትራክተር ጭቃ ሲይዘው ምን እንደሚደረግ ሕፃን ያውቃል፤ እህሉ የተራገፈ የሰሊጥ አገዳ በክንድ በክንድ ይታቀፍና ጎማው ስር ይወረወራል። ጎማው ይነክሰዋል፣ ይወጣል። እኔም አሰብሁ። ትራክተር የተሸከመ አገዳ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ያቅተዋል? በራሴ ስለረካሁ ማታ ለባለቤቴ ነገርኋት። እሷ ሽንኩርት ስትልጥ ቀና ብላ «ትራክተሩ የሚቆመው አገዳው ላይ ነው ወይስ አገዳው ስር ያለው ጭቃ ላይ?» አለችኝ። «አንቺ የመካኒክ ነገር አይገባሽም» አልኋት።

የአማቼን ልጅ ጋሪ ለምኜ የሰሊጥ አገዳ አስመጣሁ። ከዘበኛው ጋር ስንጥቆቹን አንድ በአንድ ሞላናቸው። ኬላውን ሞላን፣ የዳይሬክተሩን አፍ ሞላን፣ ስም የሌላቸውንም ሞላን። ከላይ አፈር ነሰነስንበት። ከዚያ ዞር ብዬ ሳየው ሜዳው የተነጠፈ ምንጣፍ መስሏል። አገዳ መሃሉ ባዶ እንደሆነ፣ ከታችም ገደሉ እዚያው ቁጭ ብሎ እንደሚጠብቅ አላሰብሁም። እንዲያውም ለጊንጦቹ ቤት ከነጣራው እንደሠራሁላቸው አላሰብሁም። ያሰብሁት የማደርገው ንግግር ነበር።

ልጅቱ እግሯ ድኖ መጥታ ነበር። ኬላው የነበረበት ቦታ ዳር ቆማ አፈሩን አየችው። ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም፤ ያን ዕለት ሰማሁት።

«ቲቸር፣ ኬላውን ለምን ዘጉት?»

«እንዳትሰበሪ ነዋ።»

«ሲታይ ነው እንዴ የሚሰብረው?»

«ምን አልሽ?»

«አሁን የት እንዳለ በምን እናውቃለን?»

«ማወቅ አያስፈልግሽም። ተደፈነ፤ የለም።»

«ስሩስ?»

«ስሩን ለእኔ ተይው» አልኋት። ቃሌ ሳይውል ሳያድር ደረሰ፤ ስሩ ለእኔ ተተወ።

ዳይሬክተራችን ሜዳውን ሲያይ ከፊቱ ላይ ፀሐይ ወጣ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ። እኔን ሜዳው መሃል አቁሞ አነሳ። ፎቶው የትምህርት ቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ያለ ምንም ወጪ በራስ ተነሳሽነት የተሠራ ደህንነቱ የተጠበቀ ሜዳ» ተብሎ ተለቀቀ። አውራ ጣት ዘነበ። አበባ የላከም አለ። ከዚያ የሚፈራው ነገር መጣ፤ «ለልምድ ልውውጥ እንመጣለን» ተባለ። በእኛ አገር ሥራ መሥራት አይከብድም፤ የሚከብደው ሥራህን ሊያዩ የሚመጡትን መቀበል ነው። ያልሠራ ሰው ሰላሙ ብዛቱ።

እንግዶቹ እስኪመጡ ድረስ በየእረፍቱ ሜዳው ላይ ፊሽካዬን ይዤ እቆም ነበር። አንድም ልጅ አልወደቀም። አንድም አልቆሰለም። አንዲት እንባ አላየሁም። «አየህ!» እላለሁ ለራሴ። «ይኸ ነው ሥራ!» እንዲህ ስል ሜዳው ላይ ከእኔ በቀር ማንም ሰው እንደሌለ ልብ ያላልሁት እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። የእረፍት ድምፅ ይሰማኛል፣ ጩኸት አለ፣ ሳቅ አለ፤ ግን ከሩቅ ነው። ጥላ ስር ሄደው ይሆናል እል ነበር። ሙቀቱም ሙቀት ነው፤ አልፈርድባቸውም እል ነበር። ሰው መስማት የሚፈልገውን ሲሰማ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

እንግዶቹ ሦስት ሆነው መጡ፤ በዚያ ሙቀት ኮት ለብሰዋል። ሁሉም እንደ ሻማ እየቀለጡ ኒሙ ስር ተቀመጡ። ዳይሬክተራችን ንግግር ጀመረ። ስለ ሰው ልጅ ደህንነት ጀመረ፣ ስለ አገር ደህንነት ቀጠለ፣ ስለ ዓለም ሊጀምር ሲል ዘበኛው አልቻለም፤ ዲስኩን መታው።

ክፍሎቹ ተከፈቱ። ልጆቹ ፈነዱ። እንግዶቹ ፈገግ ብለው ሜዳውን አዩ። ልጆቹ ግን ሜዳው ጋ ሲደርሱ፣ ሁሉም፣ እንደ ውኃ ለሁለት ተከፍለው ዳር ዳሩን ሮጡ፣ አንድም ሳይረግጠው፣ በጀርባ በኩል በእሾሁ አጥር መሃል በነበረች ቀዳዳ ሾልከው ጠፉ። ሜዳው ላይ አቧራ ብቻ ቀረ።

«ልጆቹ የት ሄዱ?» አለ አንዱ እንግዳ።

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ዘበኛው ዞርሁ። ዘበኛው የሚዞርበት ሰው ስላጣ ወደ ሰማይ አየ።

«ዛሬ… የአካባቢ ጥናት አላቸው» አለ ዳይሬክተሩ።

ይኸን ሲል ከአስፋልቱ በኩል የከባድ መኪና ጥሩምባ ተሰማ። ቀጥሎ ፍሬን። ረጅም ፍሬን። ከዚያ ጸጥታ።  ፊሽካዬን ጨብጬ ወደ አጥሩ ዞርሁ።

ጸጥታውን የሰበረው የሴት ድምፅ ነው፤ ከጎጃም የወረደ ድምፅ። ልጅቱን አንጓዋን ይዛ፣ በሌላ እጇ ጭልፋ ይዛ፣ እናቷ በዚያች በአጥሩ ቀዳዳ ገባች። ሌሎቹ ልጆች ከኋላዋ ተንጠባጥበው ገቡ። ልጅቱ ቀጥ ብላ ትራመዳለች፤ እግሯ ደህና ነው።

«መምህር!» አለችኝ ከሜዳው ማዶ። «ይኸን ሰምተዋል? ከመኪናውና ከተሳቢው መሃል ስትዘል አገኘኋት! መንቀሳቀስ የጀመረ መኪና! ሾፌሩ ባያያት ኖሮ…» ጨርሳ አልተናገረችውም። «ምን ሠርተሽ ነው ብላት ኬላው ወደዚህ ተዛውሯል አለችኝ። ሜዳው አይታመንም፣ ቲቸር ደብቀውታል አለችኝ። እውነት ነው?»

እንግዶቹ እኔን አዩኝ። እኔ ያየሁት ልጅቱን ነው። ያ ዓይን እንደገና፤ «በል እስቲ እንግዲህ» የሚለው። ነገሩ ያን ጊዜ ተሰካልኝ። ልጆቹ ስንጥቆቹን እንደ ቤታቸው ያውቋቸው ነበር፤ እኔ ደፍኜ የማያውቁት ሜዳ አደረግሁባቸው። የማያውቁት ሜዳ ላይ ደግሞ ልጅ አይጫወትም። ሄደው የሚያዩት ገደል ፈለጉ። የሚታየው ገደል ጎማ ነበረው።

«በቃ» አለች እናቷ። «ዛሬ አበቃ። ነይ ደብተርሽን አውጪ።»

«እህቴ! ቆይ! ላስረዳሽ!» ብዬ ሮጥሁ። ዳር ዳሩን መዞር አላሰብሁም። የራሴ ሜዳ አይደለም? የራሴ ሥራ አይደለም? በመሃሉ በረርሁ። ቦርጬ ሦስት እርምጃ ያህል ቀድሞኝ ነበር፤ ከዚያ ግራ እግሬ ቀረ።

መሬቱ ዋጠኝ ብል ቀልድ አይደለም። አገዳው «ቀጭ ቀጭ» ብሎ ተሰበረና እግሬ እስከ ጭኔ ገባ። ቀኙ ወደኋላ ተዘረጋ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ክብደቴ፣ ሰርከስ ላይ ብቻ የሚታይ ነገር ሠራሁ። ሱሪዬ ከየት እስከ የት እንደተቀደደ አልናገርም። ከዚያ ስር አንድ ነገር ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ።

«ጊንጥ! ጊንጥ!» ብዬ ጮኽሁ። ኋላ ሲታይ የራሴ የጫማ ማሰሪያ ነው።

ዳይሬክተሩ ሜዳው ዳር ድረስ መጣና ቆመ። አልረገጠውም። «ተረጋጋ!» አለኝ። «እንወያይበታለን!»

ዘበኛውና አንዱ እንግዳ መጥተው በብብቴ ይዘው ሊጎትቱኝ ጀመሩ። በጎተቱኝ ቁጥር ጉልበቴ ይጠመዘዛል፤ እጮኻለሁ። ይኸን ጊዜ ልጅቱ እጇን ከእናቷ እጅ አስለቀቀች። ሜዳውን አቋረጠች፤ ግን እንደ እኔ በቀጥታ አይደለም። እዚህ ትረግጣለች፣ እዚያ ትዘላለች፣ ምንም የሌለበት የሚመስል ቦታ ላይ ጠምዘዝ ትላለች። ከአፈሩ ስር ያለውን በእግሯ ታስታውሰዋለች። አጠገቤ ደርሳ ተቀመጠች።

«አትጎትቷቸው!» አለች ሰዎቹን። «ቲቸር፣ ይቺ የዳይሬክተሩ አፍ ናት። ከታች ቀጥ አትልም፤ ወደ ግራ ትዞራለች። ጉልበትዎን ወደ ኒሙ ያዙሩት… እንዲያ… አሁን ጣትዎን ወደ ታች… ቀስ። ቀስ ይበሉ።»

«ቀስ ይበሉ» ስትለኝ ማዶ የቆሙት ልጆች በሳቅ ወደቁ። እኔም ልስቅ ነበር፣ ጭኔ ባይዘኝ።

ዳር የቆመው ባለ ፋይሉ እንግዳ ግን ሌላ ነገር ነው የያዘው። «የማን አፍ ነው ያለችው?» አለ።

ዳይሬክተሩ ኒሙን እያየ ነው።

«ለምን እንዲህ አላችኋት?» አለ እንግዳው፣ ወደ ልጆቹ ዞሮ።

«አንዴ ከተከፈተች ክረምት ካልገባ አትዘጋማ!» አለ አንድ ድምፅ ከመሃላቸው።

እንግዳው ፋይሉን ወደ ፊቱ አነሳ። ፋይሉ ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ። እኔ እግሬ ወጣ፤ ጫማዬ አልወጣም። ዳይሬክተራችን የዚያን ቀን ንግግሩን አልቀጠለም፤ ትምህርት ቤታችን ውስጥ የዳይሬክተሩን አፍ ክረምት ሳይገባ ስትዘጋ ያየናት ያን ዕለት ብቻ ነው።

እናቲቱ ግን ደብተሩን አስይዛ ልጇን ወሰደቻት። እንግዶቹም ሄዱ፤ ፎቶውም ከግሩፑ ላይ ድምፁን ሳያሰማ ጠፋ። እኔን ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ። ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ እያሸ «ምን ላይ ወድቀህ ነው?» ቢለኝ «ሥራዬ ላይ» አልሁት።

በማግስቱ በከዘራ እያነከስሁ ሜዳው ላይ ወጣሁ። ዘበኛው መንሽ አመጣ፣ ትልልቆቹ ክፍሎች ተሰለፉ፤ አገዳውን እየጎተትን አወጣነው። ኬላው ሲከፈት ልጆቹ ድንበር የተከፈተላቸው ነጋዴዎች መስለው ጮኹ። የስንጥቆቹን ጠርዝ ከሩቅ እንዲታይ ኖራ ቀባነው። የአጥሩን ቀዳዳ ደግሞ በእሾህ ደፈንሁት። አዎ፣ እንደገና ደፈንሁ። ይኸ ግን መደፈን የነበረበት ነው፤ በሕይወቴ አንድ ትክክለኛ ቀዳዳ እንዳገኘሁ ይመዝገብልኝ። በእረፍት ደወሉ ተደወለ፤ ልጆቹ ሜዳው ላይ ፈሰሱ። ፈታሹ ቦታውን ያዘ። ነክቷት የማያውቀው ልጅ ግን አልመጣችም። የሚያልፉትን ሁሉ እየነካ «ተወረስህ፣ ተወረስሽ» ይላል፤ ፊቱ ላይ ደስታ የለም። ቀላል ሆነበት።

ከትምህርት በኋላ በከዘራዬ ዞሬ በዋናው በር ወደ አስፋልቱ ሄድሁ። እናቷ ተሚያ ታወጣለች። ልጅቱ ከኋላዋ ዝቅ ብላ የሾፌሮች ብርጭቆ ታጥባለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

«ስንጥቆቹን ከፈትናቸው» አልሁ። «ቀዳዳውንም ዘጋሁት። አጥሩ ስር እኔ ራሴ እቆማለሁ። እባክሽ ልጅቱን መልሻት።»

እናቷ እግሬን አየች። «ዳቦ አክሏል» አለች። በርጩማ በእግሯ ገፋችልኝ። ተቀመጥሁ። አንድ ሳህን ፉል ፊቴ አኖረች። ለመብላት ጎንበስ ስል የልጅቱን እጅ አየሁት፤ አውራ ጣቷ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ጨርቁ ላይ ደም አለ።

ዓይኔን ከጨርቁ ላይ አላነሳሁትም።

«ብርጭቆ ነው» አለች እናቷ፣ ወደ ዘይቱ እያየች። «ተሰብሮ ነው። ትንሽ ነው።»

«ትንሽ ነው የምትይው?»

ተሚያዋን በጭልፋ ገለበጠች።

«ተረኛው ማን ነበር?» አልኋት።

አጠገባችን የነበረው ሾፌር አፉ ውስጥ ያለው ፉል ወጣበት። እናቷ ጭልፋዋን አነሳች፤ ልትመታኝ ነው ብዬ ፊቴን ሸሸግሁ። ቀና ስል በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ስታበቃ ዓይኗን ጠረገች፣ ተጨማሪ ተሚያ ሳህኔ ላይ ጣለችልኝ፣ የልጅቱንም ብርጭቆ ከእጇ ወሰደችባት።

«ነገ ትመጣለች» አለችኝ። «ለእሷ ብዬ እንዳይመስልዎት ግን። እርስዎን ያለ ጠባቂ ሜዳ ላይ መልቀቅ ኃጢአት ሆኖብኝ ነው።»